ጅብ በማያውቁት አገር

መቼስ ጸሐፊ ነኝ የሚል ሰው ወረቀቱ ባዶ ሲቀርበት የማይሄድበት አገር የለም። አንዳንዱ ገዳም ይገባል፣ አንዳንዱ ጠላ ቤት። እኔ ጋምቤላ ሄድኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ቡና እየጠጣን «እስቲ በየተራ አጭር ልቦለድ እንጻፍ» ተባባልን። የጽሑፉ ዓይነት በዕጣ ሆነ። ለአንዷ ፍቅር ደረሳት (ዕድለኛ!)፣ ለአንዱ ወንጀል፣ ለእኔ ደግሞ «አስፈሪ» የሚል ብጣሽ ወረቀት።

ሳምንት አልፈጀብኝም፤ ስለ ሰው ተኩላ ጻፍኩ። ዋናው ገጸ ባሕሪ የባንክ ገንዘብ ከፋይ ነው። ቀን ቀን ብር ይቆጥራል፤ ጨረቃ ሙሉ በሆነች ሌሊት ሸሚዙን ቀዶ እንጦጦ ላይ ወጥቶ ያላዝናል። አነበብኩላቸው። ጸጥ አሉ። ደንግጠው መስሎኝ ደስ ሲለኝ አንዱ አፉን ከፈተ።

«ቆይ ግን፣ ተኩላው እንጦጦ ድረስ በምን መጣ?»

«እንዴት በምን መጣ?»

«ማለቴ… ቪዛ ተሰጥቶት ነው?»

ሌላዋ ቀበል አደረገችና፣ «ቢመጣስ የእንጦጦ ጅቦች በሕይወት ይተዉታል?» አለች።

እናላችሁ ወረቀቴን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። ልጆቹ ልክ ናቸው። ተኩላ እኛ ዘንድ የስብከት እንስሳ ነው፤ የበግ ለምድ ለብሶ ይመጣል ሲባል ሰምተን አደግን እንጂ ስንቶቻችን በር ላይ አይተነዋል? ሳይንቲስቶቹ «የኢትዮጵያ ተኩላ» የሚሉት ቀይ ቀበሯችን ደግሞ ቁጥሩ ከ500 የማይበልጥ፣ ባሌና ሰሜን ተራሮች ላይ የፍልፈል ጉድጓድ እየጠበቀ የሚውል ምስኪን ነው። እሱን አስፈሪ ማድረግ ግፍ ነው። ጨረቃዋም ብትሆን የእኔ አልነበረችም። ከሆሊውድ የተዋስኳት ናት፤ በ1941 እ.ኤ.አ. ከወጣው «ዘ ዉልፍ ማን» ከተባለው ፊልምና ከተከታዮቹ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ እልክ ሆነብኝ። ሌሊት ሌሊት ማንበብ ጀመርኩ። ሄሮዶቱስ ከሁለት ሺህ አራት መቶ ዓመት በፊት ኔውሪ የሚባሉ ሕዝቦች በየዓመቱ ለጥቂት ቀን ተኩላ ይሆናሉ መባሉን ጽፎ፣ እኔ ግን አላምንም ብሎ አልፏል (ብልህ ሰው)። በ1589 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ ኮሎኝ አጠገብ ባለችው ቤድቡርግ አንድ ገበሬ ሰይጣን የሰጠውን ቀበቶ እየታጠቀ ተኩላ ይሆናል ተብሎ ተከሰሰ። አሠቃይተው አናዘዙት፣ ከዚያ በአደባባይ ገደሉት። ልብ ያልኩት ነገር ቢኖር ቀበቶው አለመገኘቱ ነው። ዳኞቹም በዚህ አልተቸገሩም።

ይህን ለጓደኞቼ ባወራ ያ የቪዛው ልጅ እንደገና ጀመረኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ጀርመን ምን ወሰደህ? ቡዳ አለልህ አይደል እንዴ? አገርህ ላይ ጅብ የሚሆን ሰው ጠፍቶ ነው?»

ሁሉም ሳቀ። ከሁሉም ጮክ ብዬ የሳቅኩት እኔ ነበርኩ። ከዚያ «እሱማ ያረጀ ነው፣ ሁሉም ያውቀዋል፣ አዲስ ነገር ነው የምፈልገው» አልኩ። ያልኩት ሁሉ እውነት ነው፤ ምክንያቴ ግን እሱ አልነበረም።

ለነገሩ ያረጀ ነው ማለቴ ራሱ ውሸት ሳይሆን አይቀርም። ቡዳን ስታነቡት ከአውሮፓው ሰው ተኩላ የበለጠ የሚገርም ነገር አለው። ናትናኤል ፒርስ የሚባል በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ትግራይ ውስጥ ብዙ ዓመት የኖረ እንግሊዛዊ፣ በ1831 እ.ኤ.አ. በታተመው ትዝታው ኮፊን የሚባለው ባልንጀራው ያየውን ይተርካል። የኮፊን አሽከር ፈቃድ ጠይቆ ይወጣል፤ ጥቂት ሳይቆይ ሌሎቹ አሽከሮች «ያውና ጅብ ሆነ!» ይላሉ። ኮፊን ዘወር ሲል ሰውየው የለም፤ ዛፍም ቁጥቋጦም በሌለበት ሜዳ ላይ አንድ ጅብ እየሮጠ ይሄዳል። በማግስቱ አሽከሩ ተመልሶ መጣ፣ ሥራውንም ቀጠለ። እዚያው ላይ ጆሮ ላይ የወርቅ ጉትቻ ስላላቸው ጅቦችም ተጽፏል። ጉትቻ ያለው ጅብ! ከዚህ በላይ ምን ልቦለድ ይፈለጋል?

ግን ቡዳ የሚባለው ማነው? ማንም አይደለም እኮ። ብረት ቀጥቃጩ ነው፣ ሸክላ ሠሪዋ ናት፣ ሸማኔው ነው፣ ፋቂው ነው፣ ቤተ እስራኤላዊው ነው። ማረሻህን የሚሠራልህ፣ የምትበላበትን ድስት የምታበጅልህ፣ መሬት ግን የሌለው ሰው። ሃጋር ሰላሞን የተባለች ምሁር በ1999 እ.ኤ.አ. ስለ ቤተ እስራኤላውያን ባሳተመችው መጽሐፍ ርዕስ ላይ «የጅብ ሰዎች» ያለቻቸው በዚሁ ሐሜት የተነሳ ነው። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ ተነገረ፣ ስድቡም ቀጠለ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ እያወቅኩ ሌላ አውሬ ፍለጋ ወጣሁ። በንባቤ መሐል ኢቫንስ ፕሪቻርድ እጄ ገባ። ይህ እንግሊዛዊ የኑዌርንም የአኝዋክንም ሕይወት ያጠና ሰው ነው (በነገራችን ላይ በ1940 እና 1941 እ.ኤ.አ. በአኮቦና በጊሎ ወንዝ በኩል የአኝዋክ ተዋጊዎችን እየመራ ጣሊያንን የወጋም እሱ ነው፤ እንዲህ ዓይነት ተመራማሪ አሁን የለም)። በ1956 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የኑዌር ሃይማኖትን የሚያጠና መጽሐፍ ላይ አንድ ነገር አየሁና ከአልጋዬ ተነሳሁ። አንበሳን የማይነኩ የዘር ሐረጎች አሉ። ምክንያቱም የዘር አባታቸው ከአንበሳ ጋር መንታ ሆኖ ተወለደ ይባላል። ጎረቤቶቻቸው ዲንካዎች ዘንድ ደግሞ አንበሳ የሚሆኑ ሰዎች ወሬ አለ፤ ይህን የጻፈው ጎድፍሪ ሊንሃርት ነው፣ በ1961 እ.ኤ.አ.።

ይኸውና! አልኩ። ሰው አንበሳ። የራሳችን፣ አዲስ፣ በአማርኛ ያላነበብኩት። ከሁሉም በላይ ደግሞ ማንንም ቤቴ ድረስ የማያስመጣ።

አውቶቡስ ተሳፈርኩ። በደሌን፣ መቱን፣ ጎሬን አልፎ ያለው ቁልቁለት ራሱን የቻለ ለውጥ ነው። ጎሬ ላይ ጃኬት ለብሳችሁ ከ2,000 ሜትር ገደማ ትነሱና፣ ጥቂት ሰዓት ቆይታችሁ 500 ሜትር ገደማ ላይ ጃኬቱን የት እንደምትጥሉት ይጠፋችኋል። ጫካው ይሳሳል፣ ሣሩ ይረዝማል፣ ሙቀቱ እንደ ምጣድ ክዳን ከላይ ይከደንባችኋል። ጋምቤላ ስገባ ያሰብኩት ሰው አንበሳን ሳይሆን ቀዝቃዛ ውኃን ነበር።

ከተማዋ ባሮ ላይ የተቀመጠች ናት። አኝዋኮች ወንዙን ኦፔኖ ይሉታል። በ1894 ዓ.ም. አጼ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት ውል መሠረት እዚህ የንግድ ጣቢያ ተቋቋመ፤ በክረምት ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት መርከብ ከካርቱም እየመጣ ቡናችንን ጭኖ ይመለስ ነበር። ሱዳን ነፃ ወጥታ ጣቢያው በ1949 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ እስኪመለስ ድረስ እንዲህ ሆኖ ቆየ። ወንዙ ዳር ቆሜ መርከቧን በዓይነ ኅሊናዬ ለማየት ሞከርኩ። ያየሁት ልብስ የሚያጥቡ ሴቶችንና «አትጠጋ፣ አዞ አለ» የሚለኝን ልጅ ነው። ልጁ አልቀለደም፤ በሚያዝያ 1958 ዓ.ም. አንድ አሜሪካዊ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኛ እዚሁ ባሮ ውስጥ ሲዋኝ አዞ ወስዶታል። እዚህ አገር የሚያስፈራ እንስሳ ሲያስፈልግ ሰው መሆን አይጠበቅበትም።

መጀመሪያ የተዋወቅኩት የባጃጅ ሹፌር ነው። ኑዌር ነው፣ ኮሌጅ ይማራል፣ ባጃጁ የአጎቱ ናት። «ማሌ» ማለትን ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ሰላም ማለት ነው። በሁለተኛው ቀን ድፍረት ተሰማኝና ጠየቅኩት።

«ወንድሜ፣ እናንተ ዘንድ ሰው አንበሳ ይሆናል ይባላል?»

በመስታወቱ ውስጥ አየኝ። «ፊልም ታበዛለህ መሰለኝ።»

አንበሳ የሚያከብሩ ሰዎች አሉ፣ አዎ፣ ብሎ አረጋገጠልኝ፤ እሱ ግን ከእነሱ ወገን አይደለም። ከዚያ እንደ ቀላል ነገር፣ «እኛ ቤት ያሉት ወፎች ናቸው» አለኝ።

«የምን ወፎች?»

«ታናናሾቼ። መንታ ናቸው።»

ኑዌር ዘንድ መንታ ወፍ ነው። ይህንንም ኢቫንስ ፕሪቻርድ ጽፎታል፤ ወረቀት ላይ ሳነበው ግን እንደ እንቆቅልሽ ነበር፣ እዚህ ግን አንድ ወንድም ስለ ታናናሾቹ የሚናገረው ነገር ሆነ። የወፍ ሥጋ አይበሉም፣ እንቁላልም። ሕፃን ሆነው ቢሞቱ ድሮ እንደ ሌላው ሰው አይቀበሩም ነበር፤ ዛፍ ላይ ነበር የሚቀመጡት። ይህን የነገረኝ ድምፁን ሳይቀይር ነው፤ «ግራኞች ናቸው» እንደሚል ሰው።

እኔ ሞኙ ምን ብል ጥሩ ነው? «ታዲያ ይበራሉ?»

ባጃጇን ዳር አስይዞ አቆመ። «አንተ ክርስቲያን ነህ?»

«ነኝ።»

«እኔም ነኝ። እሑድ እሑድ ኢየሱስ በግ ነው ብለን እንዘምራለን። ሱፍ አለው ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ግን የለም።»

ሒሳቤን ከፍዬ ወረድኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ጓደኛዬ ሆነ። አንድ አዛውንት ዘንድ የወሰደኝም እሱ ነው፤ ጡረታ የወጡ መምህር፣ አኝዋክ፣ አማርኛቸው ከእኔ የጠራ።

መምህሩ ግቢያቸው ውስጥ ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ለእኔም ወንበር አስወጡልኝ። ምን እንደምፈልግ ነገርኳቸው። ሰው ወደ እንስሳ ስለሚለወጥበት ተረት፣ አስማት ካለ አስማት፣ በመንደሩ የሚጠረጠር ሰው ካለ እሱንም። ማስታወሻ ደብተሬ ጭኔ ላይ ነው፣ እስክሪብቶዬ ተዘጋጅቷል።

በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያ ስለ ኡኪሮ አወሩልኝ። ልጆች ወንዝ ዳር በያዙት ዓሣ ሲጣሉ ከውኃው ውስጥ አንድ ፍጡር ወጥቶ ዳኛቸው። ሰዎች አድፍጠው ያዙት፣ ወደ መንደር ወሰዱት። ከመንደሩ ሹም ልጅ ጋር ሆነና ልጅ ተወለደ፤ እሱ ግን ወደ ወንዙ ተመለሰ። የአኝዋክ መኳንንት ዘር ከዚያ ልጅ ይመዘዛል፣ የንግሥናው ጨሌም ከኡኪሮ የመጣ ነው ይባላል። እጄ እስኪደክም ጻፍኩ። ከውኃ የወጣ ሰው፣ ተይዞ የሚመጣ፣ የማይፈራ፣ እንዲያውም የሚነገሥበት!

«ጨረስክ?» አሉኝ።

«አዎ መምህር።»

«እንግዲያው እኔም አንድ ልጠይቅህ። እናንተ አገር ሰው ሌሊት ጅብ ይሆናል ይባላል። አይተህ ታውቃለህ?»

«አይ መምህር፣ እሱ እንኳ… እንዲሁ እምነት ነው። ድህነትና አለመማር የፈጠረው…»

«እሺ። የእኛስ?»

ደብተሬን አየሁት። መልስ አልተጻፈበትም።

መምህሩ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። በደርግ ጊዜ ደጋ አገር ተመድበው ሲያስተምሩ የሆነውን ነገሩኝ። ቤት ያከራየቻቸው ሴት ደግ ነበረች፤ ቡና ሲፈላ ትጠራቸዋለች፣ ሲያማቸው አጥሚት ታመጣለች። ግን ባለፉ ቁጥር የልጇን ፊት በነጠላ ትሸፍነዋለች። መጀመሪያ ለፀሐይ መስሏቸው ነበር። አንድ ቀን ዝናብ እየዘነበ ሸፈነችው። ያኔ ገባቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ የዚያን ሕፃን ፊት አይተውት አያውቁም።

«አሁን አርባ ዓመት አልፎት ይሆናል» አሉኝ። «መንገድ ላይ ባገኘው አላውቀውም።»

ያን ጊዜ ነው እንግዲህ ለማንም ያልነገርኩትን የነገርኳቸው። ጓደኞቼም የሚያውቁት አሁን ይህን ሲያነቡ ነው።

አያቴ፣ የእናቴ እናት፣ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ጎንደር ገጠር ውስጥ። ሰባት ዓመቴ ሳለ ለክረምት እሷ ዘንድ ተላክሁ። ጎረቤት አንዲት ልጃገረድ ታመመች። አጠኗት፣ ጤና አዳም አሸተቷት፣ «ማነው የበላሽ?» እያሉ ለፈለፉባት። ልጅቷ አልጮኸችም ብል ውሸት ነው፤ ድምጿን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ፣ እንደ ጅብ ነበር። ከዚያ የአያቴን ስም ጠራች።

አመሻሽ ላይ ልጅቷን ተሸክመው በራችን ላይ መጡ። ብዙ ነበሩ። አልሰደቡንም፤ እንዲያውም ለመኑ። አያቴ ልጅቷ ላይ እንትፍ እንድትልላት ነው የፈለጉት፤ የበላ ሰው እንትፍ ካለ የተበላው ይለቀቃልና። አያቴ በሩ ላይ ቆማ አየኋት። እንትፍ ካለች በላሁ ማለት ነው። እምቢ ካለችና ልጅቷ ከሞተች ደግሞ ገደለች ማለት ነው። በሰባት ዓመቴ ይህ ሁሉ እንዴት ይገባኛል? ግን እጇ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ጭቃው አልደረቀም ነበር፣ ሥራ ላይ ነበረች።

እንትፍ አለች።

ልጅቷ በሁለተኛው ቀን ተነሳች። ከዚያ በኋላ በዚያ መንደር የሚጠራጠር ሰው አልቀረም። እናቴ በሳምንቱ መጥታ ወሰደችኝ፤ አዲስ አበባ ስንገባ «አያትህ ገበሬ ናት፣ ማንም ቢጠይቅህ» አለችኝ። እሺ አልኩ። ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ እሺ እንዳልኩ ነው።

መምህሩ እስክጨርስ ዝም ብለው ሰሙኝ። ዓይኔን እንዳልጠርግ ራሴን ያዝኩ። ሲያበቃ፣

«ታዲያ አንተ ጅብ ነህ?» አሉኝ።

«እንደሚባለው ከሆነ… በዘር ነው የሚተላለፈው።»

ሳቁ። ጥሩ ሳቅ ነበር። «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» አሉ፣ ወንበሬን በከዘራቸው እያመለከቱ። «እኛ ጋ ቁርበት የለም፣ ፕላስቲክ ነው፣ ይቅርታ።»

እኔም ሳቅሁ። በዚህ ጉዳይ ላይ ሳላስመስል የሳቅኩት ያኔ ይመስለኛል።

ከእሳቸው ቤት ወጥቼ በእግሬ ወደ ድልድዩ ስሄድ ያነበብኩት ሌላ ነገር ትዝ አለኝ፤ መጠየቅ ያላሰብኩት። በታኅሣሥ 1996 ዓ.ም. ከከተማዋ ወጣ ብሎ አንድ መኪና ላይ በተከፈተ ጥቃት ስምንት ሰዎች ተገደሉ። ማን እንደገደላቸው ሳይጣራ ታኅሣሥ 3 ቀን አስከሬኖቹ ወደ ከተማ ገቡ፤ ገዳዮቹ አኝዋኮች ናቸው ተባለ፤ ከዚያ የደጋ ነዋሪዎችና ወታደሮች ቤት ለቤት አኝዋክ ወንዶችን ማደን ጀመሩ። የመብት ድርጅቶች የሟቾቹን ቁጥር ከ400 በላይ ያደርሱታል፤ መንግሥት ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ቁጥር ሰጥቷል። እኔ እንግዲህ እዚህ ከተማ፣ በዚያ መምህር ዕድሜ ላይ ላለ አኝዋክ፣ የደጋ ፊቴን ይዤ ሄጄ «እናንተ ዘንድ ሰው አውሬ ይሆናል?» ብዬ ነበር የጠየቅኩት። ስምንቱን ማን እንደገደላቸው ማንም አልጠየቀም ነበር፤ ስም ከተጠራ በቂ ነው። የአያቴ በር ላይም እንዲያው ነበር።

(የዋህ እንዳልባል ይህንንም ልጨምር። ማታ ለባጃጁ ጓደኛዬ «እናንተ ዘንድ ግን ደስ ይላል፣ እንስሳ መሆን ዝምድና እንጂ ክስ አይደለም» ብዬ ብደሰኩርለት ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «ፔትን ማን ነገረህ?» አለኝ። ፔት ዓይነ ክፉ ሰው ነው፤ ኑዌርም ዲንካም ያውቁታል። በእነሱ መንደርም ሰው ከብቱን የሚያርቅባት፣ ልጁን የሚጠራባት አንዲት ሴት ነበረች፤ ብቻዋን ነው የምትኖረው። «ምን ሠራች?» አልኩት። «እንጃ» አለኝ። «ልጅ ሆኜ እኔም ከእሷ እሮጥ ነበር።» ከዚያ በኋላ ብዙ አላወራንም፤ ዓሣችንን በላን።)

ለመመለስ አንድ ቀን ሲቀረኝ ለእናቴ ደወልኩላት። ጋምቤላ መሆኔን ስነግራት ስለ ወባ መድኃኒት አሥር ደቂቃ ጠየቀችኝ። አጎበር አለህ ወይ፣ ውኃው የታሸገ ነው ወይ። ሁሉንም ከመለስኩ በኋላ፣

«እማዬ፣ ስለ እማሆይ ልጠይቅሽ» አልኳት። አያቴ በስተርጅናዋ መንኩሳለች፤ የምንጠራት እንዲያ ነው።

መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«ሌሊት ትወጣለች ይሉ ነበር አይደል? ጅብ ስትሆን ታየች የሚሉት…»

«ትወጣ ነበር» አለች እናቴ።

«እ?»

«ትወጣ ነበራ። አፈር ልትቆፍር። ጥሩው አፈር ወንዙ ዳር ነው ያለው፣ ሴቶቹ ውኃ የሚቀዱበት። ቀን ከሄደች ውኃውን ይደፉታል፣ እሷ ያለፈችበትን። ስለዚህ ጎህ ሳይቀድ ትሄዳለች። አጎንብሳ ነው የምትቆፍረው፣ ከዚያ ቅርጫቱን በጀርባዋ አዝላ ዳገቱን በእጇም በእግሯም ትወጣለች። ዳገቱ ቁልቁል ነው። በጨለማ ያያት ሰው…»

አልጨረሰችውም። እኔም አልጠየቅኳት።

«አብሬያት እሄድ ነበር» አለች ቆይታ። «ትንሿን ቅርጫት እኔ ነበርኩ የምይዝ።»

ይህንን በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም። እናቴ፣ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ የነበረችው፣ እጇን በሎሚ የምትታጠበው እናቴ።

«ልትጽፈው ነው?» አለችኝ።

«እንጃ እማዬ። አስፈሪ ታሪክ ነበር የጠየቁኝ።»

«ስሟን አትጥራ እንግዲህ» አለችኝ። ከዚያ ደግሞ ለአፍታ ዝም ብላ፣ «ማድጋዋን ግን ጻፍ። ከእነዚያ ሰዎች ቤት አሁንም አንዷ አለች አሉ። ውኃ ይጠጡባታል» አለችኝ።